ለቦርከና ወንዝ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ያስፈልጉታል

ክቡር አዘጋጅ፦

ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርደውና አዋሽን የሚቀላቀለው ቦርከና በመንገዱ የሚያገኘውን የከተሞች ፍሳሽ ይዞ ይጓዛል፤ ከታች ያለው ገበሬ ሽንኩርቱንም ከብቱንም የሚያጠጣው በዚሁ ውኃ ነው። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ከድልድዩ ሥር የሳሙና አረፋ በድንጋዮቹ ላይ ተጋግሮ ይታያል፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ለትንንሽ ከተሞች ፍሳሽ ለማጣራት ውድ ማሽን የግድ አይደለም፤ ተከታታይ ኩሬዎች ይበቃሉ። ፍሳሹ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተላለፈ ለሳምንታት ሲቆይ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ የሚያድገው አረንጓዴ አልጌ በሚሰጣቸው ኦክስጅን እየታገዙ ቆሻሻውን ያብላሉታል፣ ጥልቀት በሌለው የመጨረሻው ኩሬም የፀሐይ ብርሃን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። ሰፊ መሬት ስለሚጠይቅ ቦታው ቤት ሳይሠራበት በከተማው ፕላን ይከለል፤ የዝቃጭ ማንሻ በጀትም አብሮ ይመደብ፤ ዝቃጭ የሞላው ኩሬ ፍሳሹን ሳያጣራ ያሳልፋልና።

አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ