ፍሬዲ ከኩዊን አልወጣም ነበር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የኩዊን ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ «ሚስተር ባድ ጋይ» የተባለውን የግል አልበሙን ያወጣው ከባንዱ ወጥቶ ነው መባሉ ይታረም። አልበሙ የወጣው ሚያዝያ 21 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 6 ቀን ለእኛው ለ77ቱ ረሃብ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ደግሞ ከባንዱ ጋር ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ተጫውቷል፤ ያውም ከራሱ አልበም አንድም ዘፈን ሳይጨምር።

የፍሬዲን የብቻ ሥራና የባንዱን አሠራር ልዩነት ለማወቅ «አይ ዋዝ ቦርን ቱ ላቭ ዩ»ን በሁለቱም ቅጂ ማድመጥ ነው። በ1977ቱ ሲንተሳይዘርና የዳንስ ምት ይገንናሉ። ፍሬዲ ካረፈ በኋላ የባንዱ ጓደኞቹ ድምፁን ነጥለው፣ ጊታርና ከበሮ እንደ አዲስ ቀርፀውበት በ1988 ዓ.ም. በወጣው የኩዊን አልበም «ሜድ ኢን ሄቨን» ውስጥ አካተቱት፤ ሮክ ሆኖ ቁጭ አለ። እንዲህ ባለው ሥራ አስቸጋሪው ምቱ ነው፤ ድምፁ አስቀድሞ ስለተቀረፀ ከበሮው ትንሽ ከፈጠነ ዘፋኙ የዘገየ ይመስላል። አምባሰልን ከባቲ የሚለይ የደሴ ጆሮ ይህ አያመልጠውም። በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን አይሞከር፣ ቤዙ ይጠፋል፤ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የ«ሚስተር ባድ ጋይ» እትም ድምፁ እንደገና የተመጣጠነ ስለሆነ ለማነጻጸር የመጀመሪያውን ፈልጉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ