የልጆቹ የእንጦጦ ጉዞ መቼ ይሁን?

ውድ የአባዶ ኮንዶሚኒየም ወላጆች፣

ልጆቹ «እንጦጦ ፓርክ መቼ ነው የምንሄደው?» እያሉ ይነዘንዙናል። እውነታቸውን ነው። ኮሮና መጋቢት 2012 አገራችን ከገባ ወዲህ መጫወቻቸው የብሎኩ ደረጃ ሥር ሆኖ ቀርቷል። ፓርኩ በ2013 መጀመሪያ ሲመረቅም በቴሌቪዥን ነው ያዩት።

በእኔ አስተያየት ፓርኩ ራሱ ብዙም አያሰጋም። ሜዳው ሰፊ ነው፣ አየሩ እንደልብ ነው። የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግተን ቁጭ ስንል አንዱ መስኮት ይከፍታል፤ ሌላው «ነፋስ መታኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ቫይረሱ ደግሞ የሚመቸው የታፈነ አየር ነው። ስለዚህ መስኮቱ እስክንደርስ ክፍት ይሁን፤ ጋቢና ሹራብ ያዙ። ምሳም ሁሉም ለየቤተሰቡ ይቋጥር። ጉርሻው ለጊዜው ይቅር፣ ከባድ ቢሆንም።

ጃፓን በ2012 የመዝናኛ ፓርኮቿን ስትከፍት ሮለር ኮስተር ላይ እንዳይጮኹ ሰዎችን ጠይቃ ነበር፤ ጩኸት ምራቅ ይረጫላ። የእኛን ልጆች አትጩኹ ማለት አይቻልም፤ ማስክ ግን ያድርጉ።

ቤታችሁ አዛውንት፣ ወይም ስኳርና አስም ያለበት ሰው ካለ፣ ሁለተኛውን ክትባት እስኪወስድ ብትጠብቁ ይሻላል። ማንም ማንንም እንዳይጎተጉት፣ አደራ! ሌሎቻችን የሰኔ ዝናብ ሳይገባ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሳይበዛ እንሂድ። የሚያስል ወይም ያተኮሰው ልጅ ካለ በዕለቱም ቢሆን ደውላችሁ ቅሩ፤ የትራንስፖርት ብራችሁ ይመለሳል።

እስከ ሐሙስ ማታ ስም አስመዝግቡ።