ዋሽንቱ ትንሽ ይረፍ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ሬዲዮ ድራማ በሚጻፈው ሁሉ የደራሲውና የተዋንያኑ ሥራ ሲመሰገንና ሲተች አነባለሁ፤ ከንግግሩ ሥር ስለሚሰማው ድምፅ ግን የሚያነሣ አላጋጠመኝም። ለዓመታት በድምፅ ቅንብር የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ፣ በተለይ ሐዘን ስለሚገለጽበት መንገድ የሚሰማኝን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በድራማዎቻችን ሰው ከሞተ፣ ከተሰደደ ወይም ከተከዳ፣ በትዝታ ቅኝት የሚንቆረቆር ዋሽንት ይገባል። ዋሽንት ጠልቼ አይደለም፤ ነገር ግን ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት ዋሽንቱ ቀድሞ «እዘኑ» ብሎ ስለሚያዝ፣ አድማጩ በራሱ ጊዜ እንዳያዝን ይከለክለዋል። ይህን ስሕተት እኔም ደጋግሜ ሠርቻለሁ። ባሏን የቀበረች ሴት ከሠልስት በኋላ ብቻዋን የምትቀርበትን ትዕይንት እንደ ልማዴ በዋሽንት አቀናብሬ ለእናቴ ባሰማት፣ «ሙዚቃው ደስ ይላል» አለችኝ። ስለ ሴትዮዋ ምንም አላለችም።

እንደገና ሠራሁት። መጀመሪያ የለቀስተኛውን ሁካታ፣ የሚጎተተውን አግዳሚ ወንበር፣ የእድሩ ድንኳን ሲነቀል የሚሰማውን የብረት ኳኳታ ሞላሁበት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየቀነስሁ ሄጄ በመጨረሻ የፍሪጁን ሞተርና ረከቦት ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሲኒ ብቻ አስቀረሁ። የሲኒዋን ድምፅ የቀዳሁት ዕቃው በወጣለት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ፍራሽ ድምፅን ሲውጡ ባዶ ግድግዳ ግን መልሶ ስለሚያስተጋባው፣ ትንሿ ቀጭታ ቤቱን ከልኩ በላይ አሰፋችው። ጸጥታውም ቢሆን ተቀድቶ የሚመጣ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ እስትንፋስ ስላለው፣ ማንም ሳይናገር ቢያንስ አንድ ደቂቃ ካልቀዱትና ድምፁን ጭራሽ ከቆረጡት፣ አድማጩ ጣቢያው የጠፋ መስሎት ሬዲዮውን መነካካት ይጀምራል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ዛሬ ማን አብሯት ያድራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

በመቀነስ ስሜት መግለጽ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ብለው ዝማሜው በመቋሚያ ሲሆን፣ ምእመኑ ወቅቱን የሚያውቀው በጎደለው ድምፅ ጭምር ነው።

የጊዜ እጥረት መኖሩን አልክድም፤ የድራማው ጽሑፍ ለሥርጭት አንድ ቀን ሲቀረው ከደረሰ አቀናባሪው ከኢንተርኔት ያወረደውን ከመለጠፍ ሌላ ምርጫ የለውም። ሆኖም ከሌላ አገር የተቀዳ ዝናብ የሐምሌን ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አያወርደውም፤ ይህን ደግሞ በቆርቆሮ ቤት ያደገ አድማጭ ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ የድራማ አዘጋጆች ለድምፅ ባለሙያው ጽሑፉን ቢያንስ ከሳምንት በፊት እንዲሰጡት፣ ጋዜጣችሁም በድራማ ላይ ሒስ ሲያወጣ ድምፁን ጨምሮ እንዲመዝን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ