ካለፈው ወር ላይ የዚህን ወር ቀንሶ ቁጠባ አይገኝም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሕንፃዎች የኃይል አገልግሎት ውል፣ ማለትም አንድ ድርጅት የሕንፃን አሮጌ ዕቃ ቀይሮ ዋጋውን ከሚገኘው የኃይል ቁጠባ ላይ ስለሚወስድበት ውል፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ ነው። ብዙ ሰው አይቶታል። እኛ ምድር ቤት የምንውል የጥገና ሠራተኞችም በቴሌግራም ስንቀባበለው ሰንብተናል። ስለዚህ ዘገባውን መልሼ አልተርክም። ይዤ የመጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ቁጠባው የሚታወቀው ካለፈው ወር የመብራት ሂሳብ ላይ የዚህ ወር ሂሳብ ሲቀነስ ነው» ይላል።

ስህተት ነው። የስም ግድፈት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ይህ ግን የውሉ ልብ ነው። ይህን አምኖ የሚፈርም የሕንፃ ባለቤት ይከስራል፤ እሱ ባይከስር ድርጅቱ ይከስራል። ማንም ይክሰር ማን፣ መጨረሻ ላይ ጣት የሚቀሰረው እንደኔ ባለው ሰው ላይ ነው። ተቀስሮብኝ ስለማውቅ ነው የምናገረው።

እኔ መሀል አዲስ አበባ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የጥገና ኃላፊ ነኝ። 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ታች ሱቆችና አንድ ካፌ አሉ፣ ላይ ቢሮዎች ናቸው።

ውሉን የምጠላ እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ ልናገር። ነገሩ ጥሩ ነገር ነው። አንድ ባለ ሕንፃ አሮጌ መብራቶቹን፣ ፓምፑን፣ ቦይለሩን መቀየር ይፈልጋል። ገንዘብ የለውም፤ ቢኖረውም እዚያ ላይ ማፍሰስ ይፈራል። ድርጅቱ ይመጣና ሕንፃውን ይመረምራል። የት የት እንደሚባክን ያወጣል። ዕቃውን ይቀይራል። ዋጋውንና ትርፉን ከሚገኘው ቁጠባ ላይ ቀስ እያለ ይወስዳል። በአንዱ ዓይነት ውል ገንዘቡን ድርጅቱ ራሱ ያወጣና ቁጠባውን ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። በሌላው ባለቤቱ ከባንክ ይበደራል፤ ድርጅቱ ደግሞ «ይህን ያህል ካልቆጠብክ ጉድለቱን እኔ እሸፍናለሁ» ብሎ ዋስትና ይሰጣል። ዘገባችሁ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል፤ እሱን ልለፈው። በሁለቱም ግን ክፍያው የተንጠለጠለው «ስንት ተቆጠበ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

እስቲ የእናንተን መቀነስ በቁጥር እንሞክረው። አንድ ሕንፃ በወር 18,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀም ነበር እንበል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 2 ብር ከሆነ ሂሳቡ 36,000 ብር ነው። ድርጅቱ ሥራውን ሠራና ፍጆታው 13,500 ገባ። ሩቡ ድኗል፤ ትልቅ ሥራ ነው። በመሀል ግን ዋጋው 3 ብር ሆነ። አዲሱ ሂሳብ 40,500 ብር መጣ። በእናንተ አቆጣጠር ሕንፃው ምንም አልቆጠበም፤ እንዲያውም 4,500 ብር ባክኗል። እውነቱ ግን ሥራው ባይሠራ ኖሮ ባለቤቱ 54,000 ብር ይከፍል ነበር። 13,500 ብር ኪሱ ቀርቷል።

ለምሳሌ ብዬ ያነሣሁት የዋጋ ለውጥ ደግሞ የፈጠራ ነገር አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ለአራት ዓመት። ይህን እናንተው ዘግባችኋል። በየሦስት ወሩ ዋጋ በሚጨምርበት አገር ብርን ከብር ቀንሱ ብሎ መምከር ምን ማለት ነው? አንባቢን ገደል መክተት ነው።

የሚቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። እሱም ዝም ብሎ አይቆጠርም። መጀመሪያ መነሻ ይያዛል፦ ሕንፃው ከሥራው በፊት ምን ያህል ይጠቀም ነበር? ለአንድ ወር ሳይሆን ለዓመት ያህል ይታያል። ከዚያ የተለወጠው ሁሉ ይታረቃል። ሁለት ፎቅ ባዶ ከነበረና ተከራይ ከገባበት መነሻው ላይ ይደመራል። ካፌው ከተዘጋ ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ የመለኪያና የማረጋገጫ መመሪያ አለ። ይህን ለማወቅ አንድ መሐንዲስ ጠይቆ አምስት ደቂቃ ማዳመጥ ይበቃ ነበር።

ጭቅጭቁ ራሱ አዲስ አይደለም። ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ የእንፋሎት ሞተራቸውን እንግሊዝ አገር ኮርንዋል ላሉ የማዕድን ጉድጓዶች ያቀርቡ ነበር። የሚያስከፍሉት ከአሮጌው የኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከዳነው የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሲሶውን ነው። ታዲያ በግምት አላስከፈሉም። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚቆጥር መሣሪያ ገጠሙበት። መሣሪያውን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ቁልፉን ራሳቸው ያዙ። እንዲህም ተደርጎ ከባለ ጉድጓዶቹ ጋር በክፍያ መካሰሳቸው አልቀረም። የእናንተው ዘገባ ግን ቆጣሪ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

በ2016 ዓ.ም. የእኛም ሕንፃ እንዲህ ያለ ውል ፈርሟል። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ውሉ ላይ የተጻፈው የእናንተ ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል፦ የወር ሂሳብ ከወር ሂሳብ። ልጆቹ መጡ፤ ጎበዞች ናቸው፣ አልዋሽም። ከ600 በላይ ፍሎረሰንት አውርደው በኤልኢዲ ቀየሩ። ደረጃውና መጸዳጃ ቤቶቹ ላይ ሰው ሲገባ ብቻ የሚበራ ሴንሰር ገጠሙ። ሥራው ደስ ይላል። መነሻ የሚባል ነገር ግን ማንም አልያዘም።

እኔ ደብተር አለኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ቆጣሪውን አነባለሁ፣ ማታ 12 ሰዓት እደግማለሁ። ጄኔሬተሩ የሠራበትን ሰዓትና የጠጣውን ናፍጣም እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሽፋኑ በዘይት ጠቁሯል፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ። ውሉ ሲፈረም ደብተሩን ይዤ ወደ ላይ ወጥቼ ነበር። «ይኼ የባለሙያ ጉዳይ ነው» ተባልኩና ተመለስኩ።

ሥራው ባለቀ በሁለተኛው ወር የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። 11 ቀን በጄኔሬተር ሠራን። የዚያ ወር የመብራት ሂሳብ በእርግጥ ወረደ፤ መብራት የለማ! ድርጅቱ ከወረደው ላይ ድርሻውን ወሰደ። የሕንፃው ባለቤት ጋሼ ደግሞ በዚያው ወር ናፍጣ ሲገዙ ከረሙ። ለጠፋ መብራት ቁጠባ ተብሎ ተከፈለ ማለት ነው። ደብተሬ ላይ 11ዱም ቀን በየሰዓቱ ተጽፏል። የጠየቀኝ የለም።

በሰኔ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ደብተሩ ላይ የሌሊቱ ፍጆታ አልጥም አለኝ። ቢሮው ተዘግቶ፣ ሊፍቱ ቆሞ፣ ከማታ እስከ ጠዋት 96 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ብሬከር በብሬከር ባጠፋ ባበራ አልገኝ አለኝ፤ በቀን ስለምፈልገው ነው። ያገኙልኝ የሌሊት ዘበኛችን ናቸው። አንድ ጠዋት በር ላይ ያዙኝና «ልጄ፣ ጣሪያው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲፈስ እሰማለሁ፤ ዝናብ መስሎኝ ነበር፣ ግን ደጁ ደረቅ ነው» አሉኝ። ወጣሁ። የጣሪያው ታንከር ሥር ሲሚንቶው አረንጓዴ ሆኗል። ውሃው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ተሰብሮ አንድ ጎን ላይ ተጋድሟል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ከምድር ቤት ሰባት ፎቅ ውሃ እየገፋ በአሸንዳው ያፈሳል። አንዲት ተንሳፋፊ ቀየርኩ። በማግስቱ ጠዋት ቆጣሪው 41 አለ።

የሐምሌ ሂሳብ ቀነሰ። ድርጅቱ ከዚያም ላይ ድርሻውን ወሰደ። ዘበኛው አባባ ያገኙት፣ እኔ የጠገንኩት፣ በእነሱ ስም ተመዘገበ።

ከዚያ መስከረም 2017 ገባ፤ አዲሱ ታሪፍ ጀመረ። አሁን ደግሞ ተራው የድርጅቱ ሆነ። ኪሎዋት ሰዓቱ ዝቅ ብሎ እያለ ብሩ ወጣ። በውሉ መሠረት ቁጠባ የለም፤ ክፍያም የለም። እነሱ «ቆጥበናል» ይላሉ፤ ጋሼ «ወረቀቱ ላይ የታለ?» ይላሉ። ሁለቱም ወረቀታቸውን ይዘው እውነት አላቸው። እስከ ግንቦት ተጨቃጭቀው ውሉ ፈረሰ። እኔ ተጠራሁ። «አንተ ነህ ሌሊት የምታስበራው» ተባልኩ። የዚያ ዓመት የደመወዝ ጭማሪዬ ቀረ። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ገጽ በገጽ ላሳይ ብዬ ለመንኩ። ቁጭ ብሎ ያየልኝ አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለፈብኝ በኋላ ነው ያንኑ ዓረፍተ ነገር እናንተ ዘንድ፣ ያውም እንደ ምክር ሆኖ ያነበብኩት። ደሜ ፈላ።

ሌላም አለ። ዘገባችሁ የሕንፃ ባለቤቶችን አነጋግሯል፣ የባንክ ሰው አነጋግሯል፣ አማካሪ አነጋግሯል። አንድ ኤሌክትሪሽያን ግን የለም። አንድ የፓምፕ ሠራተኛ የለም። ዘበኛማ ማን አስቦት! የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ ያለው እኛ ጋ ነው። የትኛው ቢሮ ማሞቂያ ደብቆ እንደሚጠቀም፣ የትኛው የመብራት መስመር (ፌዝ) እንደሚግል፣ ሊፍቱ ከስንት ሰዓት በኋላ ባዶውን እንደሚመላለስ የምናውቀው እኛ ነን። ድርጅቱ ዕቃውን ገጥሞ ይሄዳል። ሴንሰሩ ሲበላሽ መሰላል ይዞ የሚወጣው ማነው? ዕቃው ለውሉ ዘመን ሁሉ እንዲቆጥብ የሚጠብቀው ማነው? እኛን የማያውቅ ውል በሁለተኛው ዓመት ይሞታል።

የውጭ አገር ምሳሌ አንሥታችኋልና እኔም ላንሣ፤ ጉግል አድርጌ ሳይሆን ለዓመታት ስከታተለው የኖርኩት ነው። ኒው ዮርክ ያለው ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲታደስ የኃይል ፍጆታውን በ38 በመቶ ለመቀነስ ታቅዶ ነው። ጆንሰን ኮንትሮልስ የተባለው ድርጅት የቁጠባ ዋስትና ሰጥቶበታል። 6,514 መስኮት ነበረው። መስታወቱን አልጣሉትም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ወርክሾፕ ከፍተው፣ የድሮውን መስታወት አጥበው፣ በመሀሉ ሙቀት የሚይዝ ስስ ሽፋንና ጋዝ ጨምረው መልሰው ገጠሙት። ይህን ሳነብ የሕንፃው ጥገና ሰዎች ፊታቸው ታየኝ፤ ሥራው የእነሱ ሥራ ነውና።

ለእኛ ግን የበለጠ የሚጠቅመን በርሊን ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው አሠራር አለ። ትምህርት ቤቱን፣ መዋኛውን፣ ቢሮውን ለየብቻ አላዋዋለም፤ አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው ለጨረታ ያቀረበው። ትርፍ ያለውና የሌለው ሕንፃ ተደባልቆ ይሄዳል። ከ1,300 በላይ ሕንፃዎች በዚህ አልፈዋል፤ ቁጠባው በአማካይ ሩብ ያህል ነው። የእኛ ዓይነት ሰባት ፎቅ ብቻውን ለድርጅት አያዋጣ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ አሥር ሕንፃዎች ቢያብሩ ግን አንድ የመለኪያ ባለሙያ መቅጠር ይቻላቸዋል። ዘገባችሁ «ለትልልቅ ሕንፃዎች ብቻ» ብሎ የዘጋውን በር በርሊን ከከፈተችው ቆይታለች።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ዓረፍተ ነገሩን አርሙት። «ቁጠባው የሚታወቀው፣ ሕንፃው ሥራው ባይሠራ ኖሮ ሊጠቀም ከነበረው ኪሎዋት ሰዓት ላይ በቆጣሪ የተለካው ሲቀነስ ነው» በሉት። ማረሚያው ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ፣ በዚያው መጠን። መብራት የጠፋበት ሰዓትና ጄኔሬተሩ የሠራበት ሰዓትም መታረቅ እንዳለባቸው ጨምሩበት፤ ይህን የበርሊን ሰው አይነግራችሁም፣ እሱ ጋ መብራት እንደኛ አይጠፋም።

ጋሼ አሁን ሌላ ድርጅት እያነጋገሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ «ያ ደብተርህ አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። ጋዜጠኛችሁም ሊያየው ከፈለገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይምጣ፤ ቆጣሪውን አብረን እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕንፃ ጥገና ኃላፊ
አዲስ አበባ