የደሴ ሙዚየም ሲሞላ ታሪኩም አብሮ ይግባ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ሙዚየሞቻችን መጻፍ በመጀመራችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ የደሴ ነዋሪ ነኝና አንድ ነገር ልጨምር።

የደሴ ሙዚየም ያለው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ተዘረፈ። ብዙ ቅርስ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ስለጠፋው ዕቃ ስናወራ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። «ጎራዴ ነበር፣ ጋሻ ነበር» እንላለን። የማን ጋሻ? የት የዋለ? ማን ነው ለሙዚየሙ የሰጠው? እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ዕቃ ገበያ ላይ ብቅ ቢል የእኛ ነው የምንለው በምን አፋችን ነው?

መቅደላን ተመልከቱ። መቅደላ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በረበረው። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈልጎታል። ዕቃው ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ወጣ፤ የተገኘው ገንዘብም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ደግሞ አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። አራት ፓውንድ! ሁለቱም ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ጽዋው ላይ የግዕዝ ጽሑፍ ተቀርጿል። ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቁስቋም እንደሰጡት ይናገራል። የሠራው ሰው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። እንግዲህ ሠሪው፣ ሰጪው፣ የተሰጠው ደብር፣ ገዢው፣ ዋጋው ሳይቀር ይታወቃል ማለት ነው። ዛሬ «ይመለስልን» ስንል አፋችንን ሞልተን የምንናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

በየቤታችን ያለውስ? ወሎ ዳናና ጌታ የተባሉት የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ዑለማዎች አገር ነው፤ የሊቃውንትና የደብተራዎችም አገር ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ከአባታቸው የወረሱት በእጅ የተጻፈ ኪታብ አላቸው። የቆዳ ልባሱ ጥጉ ላይ ተበልቷል። ሲገልጡት ዳር ዳሩን በአረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሞልቶታል፤ አጀም የምንለው። ኪታቡን ማን እንደተዋሰ፣ መቼ እንደመለሰ፣ የትኛው ዓመት ላይ ዝናብ እንደዘገየ ሁሉ ሰፍሯል። አባታቸው ቀለሙን ከምን እንደበጠበጡት፣ ለማን ለማን እንዳቀሩበት (እንዳስተማሩበት) እኒህ እናት ያውቃሉ። ልጆቻቸው ግን አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ ዓረብ አገር ናቸው። ቁጭ ብሎ የሚሰማቸው የለም። ይህ ኪታብ አንድ ቀን መስታወት ውስጥ ቢገባ «ጥንታዊ የእስልምና መጽሐፍ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ በቃ። እኔ ይህ ያሳዝነኛል። የእሳቸው ወሬ ከቆዳውና ከወረቀቱ ባልተናነሰ ቅርስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሙዚየሙ እንደገና ሲደራጅ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ከዕቃው ጋር ያውራ። ድምፁ ይቀረጽ፣ ዕቃው ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሳ፣ ቅጂው ከደሴ ውጭም ይቀመጥ። መስጠት የማይፈልግም አለ፤ ንብረቱ ነው፣ አይገደድ፤ ታሪኩን ብቻ ይስጠን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች አሉት፤ ክረምት ላይ በየሰፈሩ ቢወጡ አዛውንቶቹ ቡና አፍልተው ነው የሚቀበሏቸው። ከሙዚየሙ ግድግዳዎች አንዱም ለመቅደላ ይሰጥ። የዘውዱና የጽዋው ፎቶ ይሰቀልበት፤ ማን ሠራው፣ ማን ወሰደው፣ አሁን የት ነው የሚለው በአማርኛ ይጻፍ። የደሴ ልጅ ይህን ለማወቅ ለንደን ድረስ መሄድ የለበትም።

ዋናው ግን አዛውንቶቹ ናቸው፤ እነሱ ጋ ቶሎ እንድረስ። ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ አንድ ዕቃ ከነባለታሪኩ ቢያወጣ ትልቅ ውለታ ነው። ፈቃደኛ ከሆናችሁ እኒያን እናት አነጋግሬ፣ እሺ ካሉኝ፣ በኪታባቸው እንጀምር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ