መስኮቱን ማን ዘጋው?

ውድ ልጄ ናርዶስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የኤድንብራ ነፋስ ከለንደን ይብሳል ብለው ስለነገሯት ወፍራሙን ሹራብ በፖስታ ልካልሻለች፤ ሲደርስሽ ደውይላት። የማያድገውን ልጅ የፒተር ፓንን ታሪክ እንደ አዲስ የምትጽፊበትን የልቦለድሽን ንድፍና የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቤዋለሁ። «አባዬ፣ ሳታባብለኝ እውነቱን ንገረኝ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ፣ በስልክ ቸኩዬ ከምነግርሽ ተቀምጬ ብጽፍልሽ ይሻላል ብያለሁ።

አስቀድሜ የሚያስጨንቅሽን ላንሳ። የሌላ ሰው ታሪክ ወስዶ እንደ አዲስ መጻፍ ስርቆት እንዳይሆን ፈርተሻል። አትፍሪ። ፒተር ፓንን ደጋግሞ እንደ አዲስ የተረከው የመጀመሪያው ሰው ራሱ የታሪኩ ፈጣሪ፣ ስኮትላንዳዊው ደራሲ ጄምስ ባሪ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በ1902 ለአዋቂዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ፒተር የሰባት ቀን ሕፃን ነበር፤ በመስኮት በርሮ ለንደን ውስጥ ኬንሲንግተን ገነት የሚባል መናፈሻ የገባ። በ1904 ዓመቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ለንደን መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ከባሕር ወንበዴ ጋር ጎራዴ የሚማዘዝ ልጅ ሆኗል። በ1908፣ ፒተር ወደሚኖርባት ደሴት ከወንድሞቿ ጋር የወሰዳት ዌንዲ አድጋ ልጅ ወልዳ የምትታይበትን ትዕይንት ጨምሮ አንድ ምሽት ብቻ አሳየው። በ1911 ሁሉንም ልቦለድ አደረገው። የቴአትሩን ጽሑፍ እንኳ ያሳተመው በ1928 ነው። ይህን ያህል ዘመን ታሪኩን ሲያፈርስና ሲሠራ የኖረ ሰው «አትንኩብኝ» ብሎ የሚቆጣሽ አይመስለኝም። አያትሽም «ተረት ተረት» ብላ እኛ «የላም በረት» ካልንላት በኋላ የምትነግረን ተረት የትናንቱን አይመስልም ነበር፤ ታናሽ እህቴ ካለቀሰች ጅቡ ግልገሏን ሳይበላ ያድር ነበር።

በሕግም በኩል ብዙ አትጨነቂ። ባሪ በ1929 የፒተር ፓንን መብት ለግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሰጠ፤ እርሱ በ1937 ከሞተ በኋላ የቅጂ መብቱ በ1987 መጨረሻ አበቃ፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው የብሪታንያ ሕግ ግን ሆስፒታሉ እዚያው አገር ውስጥ ከሥራው የሚያገኘው ክፍያ እንዳይቋረጥ አደረገ። ያንቺ ዓይነቱ አዲስ ልቦለድ የት ላይ እንደሚወድቅ አሳታሚ ስታገኚ የሚጠየቅ ነው። የታመሙ ሕፃናት ከማያድገው ልጅ ታሪክ ድርሻ ማግኘታቸው ግን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ምዕራፍሽ ልግባ። ፒተርን ያደጉትን ልጆች የሚገድል ጨካኝ አድርገሽዋል፤ አራት ገጽ ሙሉ ደም ነው። ይህን ስትጽፊ የተደበቀ ጨለማ ያወጣሽ መስሎሻል፤ ክፍልሽ ውስጥ ትተሻቸው ከሄድሽው መጻሕፍት አንዳንዶቹም በጀርባ ሽፋናቸው ላይ እንዲያ ይላሉ። ናርዶስ፣ ጨለማው ከ1911 ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል። ባሪ በደሴቷ ላይ ያሉት ልጆች ቁጥር ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ማደግ ከደንቡ ውጪ ስለሆነ ያደጉ የሚመስሉትን ፒተር እንደሚያሳሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረንና ወዲያው ስንት እንደቀሩ ወደ መቁጠር ያልፋል። እንዴት እንደሚያሳሳቸው አይናገርም። ሰው ችግኝ ሲያሳሳ እንደሚናገር በዚያ ለሰለሰ ድምፅ ተናግሮ ያልፋል። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ያንቺን አራት ገጽ ግን ሳልቆም አነበብኩት። ለምን እንደሆነ አስቢበት።

ከመግደሉም የሚብሰው መርሳቱ ነው። ዌንዲ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ፒተር ሊወስዳት ሲመጣ ስለ ጠላቱ ስለ ባሕር ወንበዴው ካፒቴን ሁክ ታነሳበታለች። ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ከገደልኳቸው በኋላ እረሳቸዋለሁ ይላታል። ስለ ትንሿ ክንፋም ጓደኛው ስለ ቲንከር ቤል ስትጠይቀው እርሷንም አያስታውስም። ያቺ ለእርሱ የታሰበውን መርዝ የጠጣች ፍጡር ናት! ክፋት ቢኖርበት ይቀለን ነበር፤ ክፉን ሰው መጥላት ይቻላል። ይህ ልጅ ግን ጥርሱ እንኳ ገና የወተት ጥርስ ነው፤ ባሪ ይህን ደጋግሞ ይነግረናል። ስለዚህ ንድፍሽ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት አድርገሽ፣ ትከሻውን አስፍተሽ፣ ዌንዲ የምትወደው ጎረምሳ ያደረግሽው ልጅ መልኩ ያማረ ሌላ ሰው ነው እንጂ ፒተር አይደለም። ለወጣቶች የሚጻፍ ፋንታሲ ፍቅር እንዲኖርበት አንባቢው እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ፍቅሩን ተይው አልልሽም። የወተት ጥርሱን ስታወልቂበት ግን ታሪኩን የሚያስፈራ ያደረገውን ነገር አብረሽ እያወለቅሽ መሆኑን እወቂ።

ክፍልሽ ውስጥ ከተውሻቸው መጻሕፍት መካከል የጆዲ ሊን አንደርሰን «ታይገር ሊሊ» ይህን አደጋ ያለፈበትን መንገድ ተመልከቺ። በ2012 የወጣ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ፒተርም አድጎበታል። ሆኖም ተራኪዋ ቲንከር ቤል ናት፤ ሁሉን ታያለች፣ የሰውን ልብ ትሰማለች፣ አንዲት ቃል ግን መናገር አትችልም። ባሪ ፒተር እንዲረሳት ያደረጋትን ፍጡር ይህቺ ደራሲ የማትረሳ ምስክር አደረገቻት። እንዲህ ያለው ለውጥ ነው ያስቀናኝ። የኤይደን ቶማስ የ2021 መጽሐፍም በዚያው ዓይን ሲታይ ጥሩ ጥያቄ አንስቷል፦ ዌንዲ ከወንድሞቿ ጋር ጫካ ውስጥ ጠፍታ ብቻዋን ብትመለስ፣ ለቤተሰቡ ምን ይተርፈዋል? መልሱ ሁሉ አላረካኝም፤ ጥያቄው ግን ከዋናው መጽሐፍ ሆድ የወጣ ነው።

ገና ትንሽ ሳለሽ የቆየውን መጽሐፍ ይዘሽ መጥተሽ «አባዬ፣ ይህቺ ልጅ ለምን እንደ ሰው አትናገርም?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ደሴቷ ላይ ስላለው የአሜሪካ ሕንዶች ነገድ ልዕልት ስለ ታይገር ሊሊ ነበር። ባሪ ለእርሷ የሰጣት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጥቂት ቃላት ነው። የነገዷ መጠሪያ ያደረገውም እንግሊዞች ጥቁር ሕፃናትን ያዋርዱበት የነበረ ቃል ነው፤ ሰዎቿም ፒተር ፊት ተደፍተው «ታላቁ ነጭ አባት» ይሉታል። ወንበዴዎቹ ሕዝቧን ከፈጁ በኋላ እርሷ ከጥቂቶች ጋር ታመልጣለች፤ ታሪኩም ፊቱን ያዞርባታል። የት ደረሰች? ሙታኗን ማን ቀበረ? ይህ የዘመኑ ልማድ ነበር ብለው የሚያልፉት አሉ። ልማድ መሆኑ እውነት ነው፤ ልጄ ያንን ገጽ ስታነብ ፊቷ የተለወጠውም እውነት ነው። በ2021 የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነው የሙስኮጊ ብሔር ተወላጅ ሲንቲያ ሌይቲች ስሚዝ ሊሊንና ዌንዲን የእንጀራ እህትማማች አድርጋ ታሪኩን እንደገና ጽፋዋለች። ከአንቺ ለሚያንሱ ልጆች የተጻፈ ቢሆንም ከመቀጠልሽ በፊት አንብቢው። አንቺ በንድፍሽ ታይገር ሊሊን ጭራሽ አውጥተሻታል። ባሪን ላለማስቀየም ሳይሆን እርሷን ላለማዋረድ ብለሽ እንዳደረግሽው ይገባኛል፤ ነገር ግን ከታሪኩ ብትወጣ የሚጠቀመው ማን ነው?

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። እኔ ብሆን መጽሐፉን የምጀምረው ከመስኮቱ ነው።

ፒተር እናቶችን ለምን እንደሚጠላ ለዌንዲና ለወንድሞቿ ሲነግራቸው፣ ወደ ቤቴ በርሬ ስመለስ መስኮቱ በፍርግርግ ተዘግቶ ነበር፣ እናቴ ረስታኝ ሌላ ልጅ አልጋዬ ላይ ተኝቶ ነበር ይላል። ቀጥሎ ተራኪው ምን እንደሚል ታስታውሻለሽ? ይህ እውነት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፒተር ግን እውነት ይመስለው ነበር ይላል። መጽሐፉ ራሱ በሩን ከፍቶልሻል! ደግሞ መጨረሻው ላይ የዌንዲ እናት ወይዘሮ ዳርሊንግ ባሏ ነፋስ ገባብኝ ቢልም መስኮቱ ለልጆቹ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን ብላ እንቢ ትላለች። ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ቀድሞ ገብቶ የሚዘጋው ፒተር ነው። ዌንዲ ስትመጣ እናቷ የዘጋችባት መስሏት ከእርሱ ጋር እንድትመለስ ፈልጎ ነው። ከዚያ የሴትዮዋን እንባ ያያል፤ ዓይኑን ከእርሷ ማንሳት ያቅተዋል፤ በመጨረሻ ራሱ ይከፍተዋል።

እኔ ይህን ክፍል እንደ ሥነ ጽሑፍ ብቻ ማንበብ አልችልም። ከደሴ ወጥቼ ከብዙ ዓመት በኋላ ስመለስ፣ አልጋዬ ላይ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ተኝቶ አገኘሁ። ብርድ ልብሱም የእኔ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቤ ቀዝቀዝ አለ። አያትሽ ግን ፊቴን አይታ ኖሮ፣ ማታ ቡና ስታፈላ ባዶ አልጋ እያየች ማደር ስላቃታት ልጁን ከገጠር እንዳስመጣችው ነገረችኝ። ያ ልጅ አልጋዬ ላይ የተኛው ስላልተረሳሁ ነው። ፒተር በፍርግርጉ በኩል አይቶ በረረ እንጂ አልጠየቀም፤ ቢያንኳኳ ምን ይሰማ እንደነበር ማንም አልጻፈውም። እኔ ባነበብኳቸው አዲስ ትረካዎች ውስጥ ሁክ ተናግሯል፣ ቲንከር ቤል ተናግራለች፣ ዌንዲ ብዙ ጊዜ ተናግራለች። የፒተር እናት ስም እንኳ የላትም።

ይህን ስልሽ የባሪን የራሱን ቤት እያሰብኩ ነው። የሸማኔ ልጅ ነበር። በ1867 ወንድሙ ዴቪድ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በበረዶ ላይ ሲጫወት በደረሰ አደጋ ሞተ። ጄምስ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ከአልጋ አልነሣም ስትል የዴቪድን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ዴቪድ እያፏጨ ፊቷ ቆመ። ከዚያ በኋላ እናትየውን ያጽናናት የሞተው ልጅ ሁልጊዜ ልጅ ሆኖ መቅረቱ ነበር። ስለዚህ ያ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ሌላ ልጅ የያዘውን ልብ በፍርግርግ በኩል ሲመለከት አድጓል ማለት ነው። እናቲቱም ምን ያህል እንዳዘነች አስቢ፤ የማያድገው ልጅ ታሪክ ከእርሷም ኀዘን የመጣ ነው።

ስለ ቋንቋሽ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። የሰማዩ በረራ ላይ ያለው አንቀጽ ትንፋሼን ይዞታል፤ አንዲት ቃል አትንኪበት። የሁክ ንግግር ግን ረዝሟል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ፒተር «አስታውሳለሁ» ይላል፤ እርሱን አውጪው።

የፋሲካ ዕረፍት ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ ጓደኛ ይዘሽ ኪሪሚር ሂጂ። ከኤድንብራ ሰሜን ነው፤ በባቡር እስከ ዳንዲ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ባሪ የተወለደባት ትንሽ ቤት ሙዚየም ሆናለች፤ ከመሄድሽ በፊት ክፍት መሆኗን ጠይቂ። ከጀርባዋ ልጅ ሳለ ቴአትር የሠራባት የልብስ ማጠቢያ ቤት አለች። መቃብሩም እዚያው ከተማ ኮረብታው ላይ ከወላጆቹ ጎን ነው። ቤቷ ውስጥ ስትገቢ ክፍሎቹ ምን ያህል ጠባብ እንደሆኑ ተመልከቺ፤ እናት ስታለቅስ በዚያ ቤት የማይሰማ ልጅ ሊኖር እንደማይችል ይገባሻል። ከዚያ የፒተርን እናት ምዕራፍ ጻፊ፤ ሦስት ገጽም ቢሆን ይበቃል። ስምም አውጪላት። እንደጨረስሽ ለእኔም ለእናትሽም ላኪልን፤ እርሷ ከእኔ ቀድማ ማንበብ እንደምትፈልግ ንገሪልኝ ብላለች።

ገንዘብ ካነሰሽ አትደብቂኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አባትሽ