መመሪያ ሲወጣ ምን መሟላት እንዳለበት
ሰላም የግሩፓችን አባላት፣ "መመሪያ ወጥቷል" እየተባልን ብቻ እስከመቼ ላላችሁ፣ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ፈልጋችሁ አንብቡት። የፌዴራል መስሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ይፋ አድርጎ የህዝብ አስተያየት መቀበል አለበት፣ ከዛ ፍትህ ሚኒስቴር (ያኔ ጠቅላይ አቃቤ ህግ) ይመዘገባል፣ ዌብሳይት ላይ ይጫናል፣ ካልተመዘገበና ካልተጫነ ደግሞ ተፈፃሚ አይሆንም። ስለዚህ መስኮት ላይ "አዲስ መመሪያ ነው" ሲሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ፊት ያጠቁሩባችሁ ይሆናል ግን ጠይቁ። መመሪያው ከህግ ውጪ ነው የሚል ሰው ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ ማመልከት ይችላል። አንድ ነገር ግን፣ አዋጁ የፌዴራል፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መስሪያ ቤቶችን ነው የሚመለከተው፣ እዚህ ሀዋሳ ያሉትን የክልል ቢሮዎች አይነካም፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። የአዋጁ ፒዲኤፍ ያላችሁ እዚሁ ላኩልን።